በጠበል የተቀቀለ ማካሮኒ

ሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1989

ሜሮን በሩን ዛሬም ወርውራ ዘጋችው። የባለቤቴ የተስፋዬ ፎቶ ከግድግዳው ወደቀ። መልሼ መልሼ መስቀል ሰልችቶኛል፤ ወለሉ ላይ ይቆይ። በሩን ወርውራ ስታበቃ ደግሞ ተመልሳ ተቆልፎ እንደሆነ ታያለች። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ያ ነው የባሰ የሚያናድደኝ።

የልጄ የሜሮን ውሎ፦ ሳይነጋ ተነስታ እየዘፈነች የወጥ ቤቱን መደርደሪያ በሙሉ አወጣች። ስትሄድ ሳመችኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰላምታ የለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለቅሶ። "ምን ሆንሽ?" "ናቲንግ!" ከዚያ ደግሞ ቴሌቪዥን ከፍታ በሣቅ ፈረሰች።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ሁሉም እንዲህ ነው ይሉኛል። ይሁን። እኔ ግን አባቷንም አውቀዋለሁ።

ትምህርት ቤቱ ጠባይዋ አሳስቦት ለዓርብ ክሊኒክ ቀጠሮ አስይዞላታል። የሚሞላ ፎርም ልከዋል፤ አራት ገጽ።

ማክሰኞ፣ 19

ሮዝቪል ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት አሥራ ሁለት ሰው አጥቤ፣ አልብሼ መጣሁ። ወገቤ የለም። ፎርሙን ከመዝገበ ቃላቴ ጋር ይዤ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እሱና የላይብረሪው መጻሕፍት። ክትባት፣ አለርጂ፣ ጥርስ፤ እስከ ሦስተኛው ገጽ ደህና ሄድኩ። እዚያ ላይ፦ በቤተሰብ ውስጥ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው አለ? ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች።

"የለም" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።

የቤተ ክርስቲያናችን እትዬ ዘነበች ደወሉ። ሳይጠይቁኝ ነገርኳቸው።

"ደግ አደረግሽ። አለ ብለሽ ብትጽፊ ነገ ማን ያገባታል? ሰው ዘር ይጠይቃል።"

"እትዬ፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው እኮ!"

"ወረቀት አያረጅም፣ ልጄ።"

እኔስ ሳገባ ሽማግሌዎቹ ዘር ቆጥረው የለም? ምን አወቁልኝ?

አመሻሽ ላይ በወተት ጋሎን ጠበል ይዘው መጡ። "ጠዋት ጠዋት፣ አንድ አንድ ብርጭቆ" ብለውኝ ሄዱ። ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ፣ 20

ማካሮኒ ቀቀለችበት! ሙሉውን ጋሎን!

"ውሃ አይደል እንዴ?"

"መስቀል ተስሎበታል፤ አላየሽም?"

"ፕላስ መስሎኝ።"

ጮህኩባት። የቀቀለችበትን ውሃ ሲንክ ውስጥ ደፍታዋለች። ማካሮኒውንም መጣል ፈራሁ፤ ሁለታችንም ቁጭ ብለን በላነው። ጨው የለውም። ጾም ስለሆነ እሷ የፈለገችው አይብም የለም። ደግሞ ሣቄ መጣብኝ፤ ሣቄም አናደደኝ።

በመሃል "አባዬም ከእንደዚህ ዓይነት ጋሎን ይጠጣ ነበር። ምኑን ነበር የሚያመው?" አለችኝ።

"ልቡን ነው። ነግሬሻለሁ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ሳህኗን ትታ ተነሳች። በሩ፣ ጓ! ከዚያ ቁልፉ።

ሐሙስ፣ 21

ዛሬ የአሜሪካኖቹ ሃሎዊን ነው፤ የጎረቤት ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ ለመለመን ሲያንኳኩ አመሹ። ረስቼ አልገዛሁም። ሙዝ ሰጠኋቸው፤ አኮረፉ። የዛሬ ደስታዬ ይኸው ነው።

ይህን ጽፌው አላውቅም። ተስፋዬ ክኒኑን ሲውጥ ይተኛ ነበር፤ ሥራውንም ይሠራ ነበር። ጠበልና ክኒን አብሮ አይሆንም ብዬ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ቄሱ አላሉም። ክኒኑን የሽሮ ጣሳ ውስጥ ደበቅኩት። በአሥራ አንደኛው ቀን በበረዶው በነጠላ ጫማ ወጣ። ሬሳውን ሐይቁ ዳር ነው ያገኙት። ለሰው የልብ ድካም አልኩ። ለስምንት ዓመት ልጄም እንደዚያው። ይኸው ሰባት ዓመት።

ከላይብረሪ ያመጣሁት መጽሐፍ የታማሚ ልጆች ሁሉ ይታመማሉ አይልም። ጠባያቸው የሚለዋወጠው ከሕመም ሊሆን ይችላል፤ ከሐዘንም፤ የማይነገር ነገር ባለበት ቤት ስላደጉም ሊሆን ይችላል ይላል። ያን አንድ ገጽ ለመረዳት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ምነው ባልገባኝ።

ዓርብ፣ 22

ቢሮ ስንሄድ ወረቀቴን የምታነብልኝ ሜሮን ናት። ይህን እንዴት ረሳሁት? ክሊኒኩ ውስጥ ፎርሙን ከእጄ ወስዳ ትገልጥ ጀመር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሻል።"

በአማርኛ ነው ያለችው። እኔ በአማርኛ ስናገር በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ።

"ላርመው?" እስክሪብቶ ይዛ ጠበቀችኝ።

ነጠቅኳት። ምልክቱን ሰረዝኩት። የማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋብኝ፤ በአማርኛ ሦስት መስመር ጻፍኩ። ነርሷ ስትጠራን ወረቀቱን አየችና ምን እንደሚል ሜሮንን ጠየቀቻት። ሜሮን ፊደል አልቆጠረችም። አላስተማርኳትም።

"አንብቢው" አለችኝ።

አነበብኩት። "አባቷ ነበረበት። ክኒኑን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ልጄ አታውቅም።"

ሁለቱን ተረጎመች። ሦስተኛውን አልተረጎመችውም።

ሐኪሟ ገና ስም አልሰጠችውም። ክኒንም አላዘዘችም። በየሳምንቱ ኑ፣ ውሎዋን እየጻፍሽ አምጪ አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ አይደል!

ስንመለስ እየነዳሁ መታጠፊያዬን አለፍኩት፤ ሌላ ከተማ፣ ኩን ራፒድስ ድረስ ሄድን።

ቅዳሜ፣ 23

ቀኑን ሙሉ ከክፍሏ አልወጣችም። እትዬ ደወሉ።

"ጠበሉን ጨረሰች?"

"ጨረሰች።"

"ለውጥ አለው?"

"አለው፣ እትዬ።"

ወደ ማታ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። አልተቀመጠችም። "ያን ቀን በሩን ሳልቆልፍ የተውኩት እኔ ነበርኩ። በኔ ምክንያት የወጣ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። "ሁሌም።"

ስለ ክኒኑ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ለዚህኛው አልተዘጋጀሁም። እጇን ያዝኩ፤ ትንሽ ቆየችና ነጠቀችኝ።

እሁድ፣ 24

ፎቶውን ሰቀልኩት።

ለቤተ ክርስቲያን ስቀሰቅሳት ተቆጣች። ቁርስ ላይ ዘፈነች። ከዚያ ነጠላዬ ሽንኩርት ሸተተ ብላ በሩን ወርውራ ወጣች። ፎቶው ተወዛወዘ፤ አልወደቀም።

በሩ እንደገና ተከፈተ። አንገቷን አስግጋ "ንፋስ ነው" አለች።

ንፋስ አልነበረም። ዘጋችውና ደረጃውን ወረደች። ቁልፉን ለማየት እስክትመለስ ጠበቅኩ። አልተመለሰችም። ዛሬ ብቻ ይሁን፣ አላውቅም። ለሐኪሟ እንዲሆን ጽፌዋለሁ።