የሟች ጫማ በጉምሩክ መጋዘን

ለተከበሩ የአየር ማረፊያው የጉምሩክ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንዴት ሰንብተዋል? ዓይንዎን፣ ወገብዎን፣ በተለይም የባልደረቦችዎን እግሮች እግዚአብሔር በጤና ይጠብቅልን።

ማክሰኞ ዕለት ከደጃፍዎ ስወጣ፣ አንድ ዘበኛ ለምታለቅስ ነጋዴ “እማማ፣ ምን ያስለቅስዎታል? እኛ ጋ የገባ ዕቃ እኮ ቤቱ ገባ ማለት ነው” ሲላት ሰማሁ። ቃሉን እንዳለ ተቀብዬ ተጽናናሁ። የማን ቤት እንደሆነ ስላልነገረን ግን ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገደድኩ።

እኔ በዚሁ በከተማችን በባኮንጎ ሰፈር የአለባበስ ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ሰፈሩን ሁሉ ክራባት ማሰር ያስተማሩት ታላቃችን ጉስታቭ ባንሲምባ ዐርፈዋል፤ ቅዳሜ ይቀበራሉ። እንደ ወጋችን በአዲስ ሙሉ ልብስና በአዞ ቆዳ ጫማ እንዲሸኙ፣ ማኅበሩ አዋጥቶ ፓሪስ ላከኝ። ልብሱ ፍተሻውን አልፏል። ጫማው እርስዎ ዘንድ ቀርቷል። ታላቃችን በሬሳ ክፍል በካልሲ ይጠብቃሉ።

አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

፩. ተቆጣጣሪዎ ከኋላዬ በተሰለፈው ሕዝብ ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው “ታላቄ፣ ለመሆኑ ይሄ ስንት ፈጀ?” አሉኝ። በእኛ ሰፈር የጫማውን ዋጋ በሰው ፊት ተጠይቆ ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ሟቹን እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ስለዚህ “አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዩሮ!” አልኩ። ሰልፉ አጨበጨበ፤ አንዲት እናት “ወንድ ነህ!” ብለው እልል አሉ። ተቆጣጣሪዎም አብረው አጨበጨቡ፣ ጭብጨባቸውን ሲጨርሱም ከሬሳ ሳጥኑ ዋጋ የሚበልጥ ቀረጥ ጻፉልኝ። ስለ አድናቆታቸው ከልብ አመሰግናለሁ።

፪. ቀረጡን መክፈል ስላልቻልኩ የመጋዘን ኃላፊዎ ጫማውን ሲረከቡ ቁጥሩን ጠየቁኝ። አርባ አንድ ነው ስላቸው ወደ ራሳቸው እግር አየት አድርገው “ይገርማል” አሉ። ለመዝገብ ነው ብዬ አለፍኩት። ረቡዕ ስመለስ የጫማ ማጥለቂያ ማንኪያ ይዤ መጥቼ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ይህንንም ለመዝገብ ነው አልኩ። ሐሙስ ግን “ጫማው ምርመራ ላይ ነው” ተባልኩ፤ ኃላፊውም የሰው ሠርግ ሄደዋል አሉኝ። ጫማ እየተራመዱ እንደሚመረመር እስከ ዛሬ ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫. የተሰጠኝ የመረከቢያ ወረቀት “ቡናማ ጫማ፣ አንድ” ይላል። ታላቃችን ሁለት እግር ነበራቸው።

መሥሪያ ቤትዎ ንብረታችንን ከሌባ፣ ከአይጥ፣ አልፎ አልፎም ከእኛው ከባለቤቶቹ ስለሚጠብቅልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ጫማው በእንግድነት ከሰነበተበት እግር ወልቆ ለታላቃችን እንዲደርስ፣ በትሕትና ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ባልኩበትም የመጪ ሂያጁን ጫማ እያየሁ፣ እማጸናለሁ።

በደጃፍዎ አግዳሚ ወንበር ላይ እስከሚነጋ መጠበቅ የማይታክተው፣ አክባሪዎ
ኦሬሊየን ሚላንዱ

ማስታወሻ፦ ይህን በመጻፌ ማኅበሩ እንደሚያባርረኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቀብሩ ነገ ነው። ለተቆጣጣሪዎ የተናገርኩት ዋጋ ውሸት ነው። ከመዋጮው የአውሮፕላን ትኬቱና የልብሱ ሒሳብ ሲነሣ የተረፈው ሠላሳ ዩሮ ነበር፤ ጫማውን በዚያው ገንዘብ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዛሁት። በእጅ የተጻፈውን ደረሰኝ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር የተሰለፍኩት። የግራው ሶል በማስቲሽ የተለጠፈ ስለሆነ የሚመረምሩት ሰው ቀስ ብለው ይርገጡ። ቆዳው የላም ነው።