የሙባረክ ላሞች

ግንቦት 4
የሙባረክ ሁለት ላሞች ከመስኖ ቦዩ ጠጥተው ሞቱ። ጠዋት ሱቄ መጥቶ ነገረኝ። ሽንኩርቱን የረጨበትን መርጫ ትናንት እዚያው ቦዩ ውስጥ አጥቦታል። መርሳ ላይ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያጥበው። የተባይ መድኃኒቱን ስሸጥለት "ውሃ ዳር እንዳታጥብ" ብዬው ነበር። "በገዛ እጄ፣ ፍሰሃ" አለና አለቀሰ። ሻይ አስመጣሁለት። እናቴ ዛሬ ትንሽ ሾርባ ቀመሰች።

ግንቦት 6
አንዱ ተንታኝ ነኝ ባይ በዩቲዩብ "ሐብሩ ወረዳ ላይ ጠላት ውሃ መረዘ" ብሏል። ከየት ሆኖ? መርሳን ረግጧት ያውቃል? ሁለቱን ላሞች አርባ አድርጓቸዋል። ባለቤቴ ሉላ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ አጠፋችው። "አንተን አይደለም የሚለው" አለች። ታዲያ ማንን? የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥ፣ አባቱ ከትግራይ የመጣ ሰው መርሳ ውስጥ ስንት አለ?

ግንቦት 8
ለምክር ቤት የሚወዳደረው ሰውዬ ከወልድያ መጣ። ድምፅ ማጉያ ይዞ። ቦዩ ድረስ እንኳ አልሄደም። "ከብቱ በጠላት መርዝ ለሞተበት ሁሉ ካሳ አስከፍላለሁ! ብቻ ምረጡኝ!" ተጨበጨበ። ሙባረክም አጨበጨበ... አየሁት። ዓይኑን አሸሸ።

ግንቦት 10
ሱቁ ጭር ብሏል። ሙባረክ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ዓቢዳ በሩን ገርበብ አድርጋ "የለም" አለች። ከውስጥ ሲያስል ይሰማል።
"ሳሉን ትቶልሽ ነው የሄደው?" አልኳት።
ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በሻሿ ያዘች። እሱ ወጣ።
"እውነቱን ተናገርልኝ፣ ሙባረክ።"
"ወላሂ አልጠፋኝም። ግን በገዛ እጄ ነው ካልኩ ካሳው ቀረ። ልጆቹን በምን ላሳድግ? ምርጫው ይለፍና እናገራለሁ።"
ምርጫው እስኪያልፍ እኔ የት ልቆይ?

ግንቦት 12
የቅሬያችን ዳኛ ሸህ አብዱልሐሊም መጡ። ስማችን ከቅሬው ይሰረዝ የሚሉ አሉ... እሁድ ሊመክሩበት ነው። እኛ ሠፈር ክርስቲያኑም እስላሙም ሬሳ የሚያወጣው በአንድ ቅሬ ነው። የአባቴን መቃብር የቆፈሩት የሳቸው ልጆች ናቸው።
"አንቱስ ያምኑታል?"
"አንተንማ ከልጅነትህ አውቅህ የለ። ግን ሰዉ ፈርቷል፣ ልጄ። እናት ለልጇ ውሃ ማጠጣት ፈርታለች። እኔ ደግሞ አንድ ድምፅ ነኝ።"
እናቴ ከአልጋዋ ሆና ስትሰማ ኖሯል። "ሸህ፣ እኔንም ይሰርዙኛል? ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው የምደገፍ ሴትዮ ቦይ ድረስ በምን እግሬ ሄጄ ነው የመረዝኩት?"
ሳቁ። "አላህ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ማና።" ሲወጡ ግን በፎጣቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ግንቦት 13
ዩቲዩቡ ላይ የሱቄ ፎቶ ወጣ። ማን አነሳው? ዘግቼ ገባሁ።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ
እናቴ ከቀትር በኋላ አረፈች።
ሌላ ጊዜ ቢሆን ወዲያው ለፋፊው ይዞራል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ሰው ግቢውን ይሞላል። ዛሬ ለፋፊ አልዞረም። ሉላ ብቻዋን ታለቅሳለች። ጎረቤት ይሰማል... መስኮቱን ይዘጋል።
ሸህ አብዱልሐሊም ብቻ መጡ። ደጃፍ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።
"ሳይወሰን ለፋፊ ብልክ ቅሬው ይፈርሳል። አትቀየመኝ።"
"ሙባረክ ስብሰባው ላይ ይናገራል?"
"ልመጣ ነው ብሏል። ምን እንደሚል አልነገረኝም።"
ዳቦ ቆርሰው ለሉላ ሰጧት። አልበላችም።
ከሱቅ ዶማና አካፋ አምጥቻለሁ። ጉድጓዱን ብቻዬን እቆፍረው ይሆናል። ግን ሬሳውን ብቻዬን እንዴት ተሸክሜ? ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው...
ቅሬው ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይሰበሰባል።