የይበልጣል ጉሮሮና ጥቋቁሮቹ ነጠብጣቦች

ሰኞ

ፊቴ ላይ ደም ተፋብኝ። ጋውኔ፣ መነጽሬ፣ ጠረጴዛው ሁሉ ደም። ይበልጣል ይባላል፤ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው። ካምፕ ውስጥ ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥልህ ወርዷል» ብለው ጋሽ ውብነህ ለሚባሉ እንጥል ቆራጭ ሰጡት። በምላጭ! አፉን በባትሪ ሳይ ከቁስሉ ጀርባ እንደ ቆዳ የተለጠፈ አመድማ ነገር አለ። ዶክተር ሰላም አየችና «ዲፍቴሪያ፣ ዘጊ አነዳ እንዳይሆን፤ ናሙና ውሰጅ» አለችኝ። ስወስድ ነው የተፋብኝ። ወንድሙ አዲሱ ዱላውን ይዞ በር ላይ ይንጎራደዳል። ከአስፋልቱ ማዶ ተኩስ አለ። ገንዳ ውሃ ላይ ተኩስ ብርቅ ነው እንዴ?

ማክሰኞ

መብራት የለም። ናሙናውን ቀለም ነክሬ፣ ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮት አስጠግቼ በፀሐይ አየሁ። አረንጓዴ ዘንግ መሳይ ባክቴሪያዎች፣ ጫፍ ጫፋቸው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ። አቤት! ለማስተርስ ሳጠና ሁለት ዓመት ያፈጠጥኩበት ነገር።

ነጠብጣቡ ፖሊፎስፌት ነው፤ ፎስፌት ከፎስፌት ተሰክቶ የተሠራ ረጅም ሰንሰለት። የሚሰካው አንድ ኢንዛይም ነው። ባክቴሪያዋ ስትራብ፣ ስትመረዝ፣ ስትጠቃ ከዚያ እየቆነጠረች ትኖራለች። ኢንዛይሙን ያጡ ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ክፉ ቀን አይችሉም፤ ሰው ማሳመምም ያቅታቸዋል። ያን ኢንዛይም የሚያንቅ መድኃኒት ይገኛል ብዬ ነበር ጥናቱን የጀመርኩት። እስካሁን ለበሽተኛ የሚሰጥ የለም።

ነጠብጣቡ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ከዚያ ጉሮሮ ጋር ሲደመር ግን ዶክተር ሰላም አልጠበቀችም፤ ፔኒሲሊን አስጀመረችው። ባክቴሪያዋ የምትረጨውን መርዝ የሚያከሽፈው መድኃኒት ግን ያለው ጎንደር ነው። መንገዱ ተዘግቷል።

ረቡዕ

ሰው ሊገደል ነበር። እፊቴ! አዲሱና የካምፕ ጓደኞቹ ጋሽ ውብነህን አንገታቸው ላይ ገመድ አስገብተው እየጎተቱ አመጧቸው። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ጣሏቸውና በዱላ፣ በእርግጫ። ጥርሳቸው ወልቆ መሬት ላይ አየሁት። ዘበኛው ሸሸ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ መሃል ገባሁ፤ አንዱ ዱላ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«በዚያው ምላጭ ማንን ማንን እንደቆረጡ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው! ግደሏቸውና ሌሎቹም ይሙቱ!» ብዬ ጮህኩ።

አዲሱ ቆመ። ሽማግሌው ደማቸውን እየዋጡ «አራት ናቸው፣ ልጄ» አሉኝ። ተናድጄባቸዋለሁ፤ አሳዝነውኛልም።

ሐሙስ

አራቱንም አመጧቸው። የሁለቱ ጉሮሮ ያንኑ አመድማ ነገር ለብሷል። ምላጩ ነው ወይስ ተጠጋግተው መተኛታቸው? በትንፋሽም ይተላለፋል። ለሁሉም መድኃኒት ተጀመረ። የይበልጣል አንገት አብጦ ከአገጩ ጋር አንድ ሆኗል። ሲተነፍስ ያፏጫል። መድኃኒቱን የያዘው አምቡላንስ ተነሳ አሉ፤ ቆይተው ተተኮሰበት አሉ። የተመታው ሹፌሩ ይሁን ጎማው የሚያውቅ የለም። ላቦራቶሪ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ እንደገና ስላይዱን አየሁ። አንች ርጉም፣ አንች ስንቅሽን ይዘሽ ተቀምጠሽ፣ እኛ መንገድ ተዘግቶብን!

አርብ

ጠዋት የይበልጣል ትንፋሽ ቆመ። ከንፈሩ ጠቆረ። ዶክተር ሰላም የአየር ቧንቧውን ከአንገቱ ሥር ልትከፍት ስለቱን አነሳች። አዲሱ ዱላውን አነሳ።

«ደግሞ አንችም ልትቆርጭው? ቀድሜ እገልሻለሁ!»

ደረቱን ገፋሁት። «ካልቆረጠችው ሞቷል እኮ! ሞቷል! ጭንቅላቱን ያዝ!»

ዱላውን ጣለ። ዓይኑን ጨፍኖ እያለቀሰ ያዘው። ቆረጠች። ደሙ አንገቷ ላይ ተረጨ። ቱቦው ሲገባ ደረቱ ብድግ አለ። ተመስገን!

አምቡላንሱ ከሰዓት ደረሰ፤ በሩ በጥይት ተበሳስቷል፣ ሹፌሩ ክንዱን በሻሽ አስሮ በአንድ እጁ ነው የነዳው። መርፌው ተሰጠ። መርዙ የይበልጣልን ልብ ነክቶት እንደሆነ ገና አናውቅም፤ ዶክተር ሰላም የሚቀጥሉትን ሳምንታት ትፈራለች።

አዲሱ እስካሁን የወንድሙን ጭንቅላት እንደያዘ ነው። «በቃ፣ ልቀቀው» ስለው «ብለቀውስ?» አለኝ። አጠገቡ ቁጭ አልኩ።