ሚጢጢን ቤት አመጣኋት

ውድ እናት ዓለሜ፣

አንቺ ካረፍሽ ወዲህ ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እጄ ለመፍቻ እንጂ ለብዕር እንዳልተፈጠረ ታውቂያለሽ፤ በእጮኝነታችን ጊዜ የላክኩልሽን አንዲት ደብዳቤ ስንት ዓመት ሙሉ እየሳቅሽ አነበብሽብኝ! ዛሬ ግን ይህን የማዋየው ሌላ ሰው አጣሁ። ልጃችንን ከሆስፒታል ቤት አመጣኋት። ድና አይደለም።

ያው ያንቺው በሽታ ነው የያዛት። ሠላሳ ዓመቷን አልፋ፣ ጋራዡን ከእኔ እኩል እየሠራች፣ አሁንም ሚጢጢ ነው የምንላት። ሐኪሟ ደህና ሰው ነው፤ አስቀምጦ፣ ከእንግዲህ ሕመሟን ከማስታገስ በቀር የሚሰጣት ነገር እንደሌለ ረጋ ብሎ ነገረኝ። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሌላ ሐኪም፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ፤ ልጅቷን ከአልጋ ወደ አልጋ እያዛወርኩ አሳሯን አበላኋት። ነርሶቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ኮሪደር መቀየር ጀምረው ነበር።

መጸለዩንማ እጸልይ ነበር። እንዴት እንደምጸልይ ግን አንቺ ታውቂያለሽ። "ዛሬ ትኩሳቷ ይውረድ፣ ነገ ምግብ ትቅመስ፣ ያ ወጣት ሐኪም ግን እንዳይነካት" እያልኩ ለጌታ ሥራ አከፋፍለዋለሁ። አሜን ካልኩ በኋላ ደግሞ፣ ምናልባት ከረሳው ብዬ፣ ስልክ አንስቼ ራሴ እሯሯጣለሁ። ጋራዥም እንዲሁ ነኝ፤ ሌላ ሰው ያጠበቀውን ብሎን ደግሜ ሳላጠብቅ መኪና አላስወጣም። በቀደም ሸሪኬ ጎማ አስሮ ሲጨርስ እንደ ልማዴ ከኋላው ሄጄ መፍቻውን ተጫንኩት። ብሎኑ ከአንገቱ ተቆረጠ። እሱ አልተቆጣም፤ "ጠብቆ ነበር እኮ" ብቻ አለኝ። እኔ ግን እዚያው ጎማው ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ለብሎን እንዳላለቀስኩ ገብቶት በሩን ዘጋልኝ።

ፊቴን ታጥቤ ወደ ሚጢጢ ሄድኩ። ሌላ ከተማ አንድ ሐኪም እንዳገኘሁ፣ መኪናውን እንዴት አድርጌ አልጋ እንደማነጥፍበት ስነግራት አስጨረሰችኝ። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

"አባዬ፣ ደከመኝ። ቤት ውሰደኝ።"

እግዚአብሔር እያለ እንዴት ተስፋ ትቆርጫለሽ ብዬ ተቆጣኋት። እኔ፣ በእግዚአብሔር ስም ስቆጣ አስቢው!

"ተስፋ አልቆረጥኩም" አለች። "አንተ ነህ እግዚአብሔርን ቤትህ ጠርተህ አቁመህ የምታስቀረው። መቀመጫውን ሁሉ አንተ ይዘኸው እሱ የት ይቀመጥ?"

ሳቅ ብላ ነው ያለችኝ፤ ደግሞ ያንቺን ሳቅ። "እሺ" የምትል ቃል ከአፌ እስክትወጣ ድረስ ቀኑ መሸ።

አሁን አልጋዋ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ነው። እህትሽ ማድ ቤቱን ተረክባለች፤ ጨው ብታበዛም ትንፍሽ አላልኩም። ዛሬ ጠዋት ሚጢጢ የተኛች መስሎኝ አጠገቧ ተቀመጥኩና "ጌታ ሆይ፣ ግባ። ልጅቷም ያንተ ናት፣ እኔም ያንተ ነኝ" አልኩ። ሌላ ልጨምር ብዬ ነበር፤ ግን የምጨምረው አጣሁ። ከአልጋው "አሜን" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አላነሣሁትም።

ሰላም ወረደልኝ ብዬ አልዋሽሽም። ያመኛል፣ እናት ዓለሜ። ሳያት ሆዴ ይባባል፤ ጓሮ ወጥቼ አልቅሼ እመለሳለሁ። ብቻ አሁን ሳለቅስ ብቻዬን ያለሁ አይመስለኝም። በፊት ጌታን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ተሰናብቼው ነበር የምመለሰው፤ ሰሞኑን ግን ሻይ ሳፈላም፣ አንሶላዋን ሳጥብም አብሮኝ አለ።

ምን ያህል ጊዜ አብራኝ እንደምትቆይ አላውቅም፤ መጠየቅም ትቻለሁ። እስካለች ድረስ ከአጠገቧ አልለይም። ወደ እናንተ ስትመጣ ግን አደራ፣ ተቀበያት። እግሯን ቶሎ ይበርዳታል። ትራሷን ከፍ አድርጊላት። ስትተኛ ደግሞ በግራ ጎኗ . . .

አይ፣ ተይው። እሱ ያውቃል።

ያንቺው መካኒክ