ሁለተኛዋ አረንጓዴ መብራት

ይድረስ በሩቅ ላለኸው፣ ከልቤ ግን ላልራቅኸው ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ዕቃ ስታነሳ ይወጋሃል? የክፍላችሁ ጣሪያ ማፍሰሱን አቆመ? ያ አብሮህ የሚያድረው፣ ሲያንኮራፋ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል ያልከኝ ጓደኛህስ ደህና ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ አንተ ግን በደብዳቤህ «እውነቱን ጻፊልኝ» ስላልክ ደህንነታችንን ከፋፍዬ ልንገርህ። እማዬ በአካሏ ደህና ናት፣ በልቧ አይደለችም። እኔ ያው እንደተውከኝ ነኝ፤ ሰው ሲያየኝ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል፣ ወረቀት ሳገኝ ግን ምላሴ ይፈታል። አጎታችን ደግሞ በቀን አርባ ጊዜ እየሞተ ደህና ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ለእማዬ አላሳየኋትም፤ ዕቃ ቤት ገብቼ፣ ከጆንያዎቹ ኋላ ሆኜ አነበብኩት። «አሥራ አንድ እሑድ ደወልኩ፤ አሥራ አንዱንም ተይዟል ይለኛል። እጀታውን አንስታ እያስተኛችው እንደሆነ ገብቶኛል። ከእንግዲህ አላስቸግራትም» ብለሃል። አልፈርድብህም። የሄድክ ቀን «ከዚህ በር ከወጣህ ድምፅህን አልሰማም» ስትልህ እኔም ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። አንተም መልስ ሳትሰጣት ሻንጣህን አንስተህ ወጣህ። ግን ወንድም ጋሼ፣ እማዬ እጀታውን አንስታ አስተኝታ አታውቅም። ስልኩን የያዘብህ ጦር ሠራዊት ነው። የጦሩን ታሪክ ልጻፍልህና አንተ ሳቅ፤ እኔ መሳቅ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ፈጣን የሚባለው የኢንተርኔት ገመድ ወደ እኛ መምጣት ጀምሮ ነበር። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ግን ደከመው መሰል እዚያው ቆመ። ከድልድዩ ወዲያ ያሉት ፈጣኑን አገኙ፤ ከድልድዩ ወዲህ ላለነው ለገጠሮቹ አይ ኤስ ዲ ኤን የሚባለው ይበቃቸዋል ተባለ። በዚያችው በድሮዋ የስልክ ሽቦ የሚመጣ ነው። የስልክ መሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻን መጥቶ ሁለት ትናንሽ መብራቶች ያሏት ነጭ ሳጥን ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ለአጎታችን ብዙ ነገር አስረዳው፤ ምን እንዳለ አልሰማሁም፣ እንግዳ ሲመጣ የት እንደምገባ ታውቃለህ። አጎታችን ከዚያ ሁሉ ማስረዳት የቀረለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሁለት መንገድ አላት፤ ሁለቱንም ከያዝክ እጥፍ ትፈጥናለች።» ቴክኒሻኑ ትቶት የሄደው የመመሪያ ወረቀትም ሥራ አላጣም። አናጢው ለኮምፒውተሩ የሠራልን ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ ተነጠፈ።

ኮምፒውተሩ ሲገባ ለእማዬ የተነገራት ለእኔ ትምህርት ነው ተብሎ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠችው ልጅ ቤቷ ሆና ትማራለች ተባለ። እኔ እስከ ዛሬ የተማርኩት ሻይ ሳይደፋብኝ በሦስት ሰዎች ክርን መሃል ማለፍ ነው።

ጦሩ ሦስት ሰው ነው፤ አጎታችን፣ አናጢው፣ እና እኔንም አንተንም ሒሳብ ያስተማሩን መምህር። ራሳቸውን «አናብስት» ብለው ሰይመዋል። በኢንተርኔት ከሩቅ አገር ልጆች ጋር የሚገጥሙበት የጦርነት ጨዋታ ነው። ያለው አንድ ኮምፒውተር ስለሆነ አንዱ ይተኩሳል፣ ሁለቱ ያዛሉ። ማውሱን የሚይዘው ሁልጊዜ አጎታችን ነው፤ ጄኔራል ነው የሚሉት። ጄኔራሉ እየተኮሰ ወታደሮቹ የሚያዙበት ጦር ሌላ ቦታ ካየህ ጻፍልኝ።

መንገዱ እጥፍ ሆኖም የእኛ መንገድ የኤሊ ነው። ጥይቱ ከሳሎናችን ተነስቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ባሕሩን አቋርጦ እስኪደርስ ጠላት ተኩሶ፣ ገድሎ፣ ወደ ሌላ ጉዳዩ ሄዷል። አጎታችን መሞቱን የሚያውቀው ከሞተ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ባዶ ግድግዳ እየደበደበ ይፎክራል። ሽንፈቱ ሲበዛ ጥፋቱን ያገኙት ሽቦው ላይ በሚያርፉት ወፎች ነው፤ ወፎቹ መስመሩን ያከብዱታል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ጦርነት በፊት አናጢው ረጅም እንጨት ይዞ ይወጣና ወፍ ያባርራል። መምህሩ ከታች ቆመው «አንዷ ቀርታለች፣ በግራ በኩል» እያሉ ይጠቁሙታል። ቤታቸው ለሚስቶቻቸው አንድ ባልዲ ውኃ አንስተው የማያቀብሉ ሰዎች እርስ በርስ «ሽፋን ስጠኝ»፣ «አይዞህ፣ ከኋላህ ነኝ» ሲባባሉ ብትሰማ ጆሮህን ትጠራጠራለህ።

አንድ ቀን ከተቃራኒዎቹ አንዱ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፈላቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ጀግንነታችንን እያደነቀ ነው ብለው ተረጎሙ፤ አናጢው ደረቱን ነፋ። እኔ ብርጭቆ ስሰበስብ ቃላቱን በልቤ ይዤ ወጣሁና በተውክልኝ መዝገበ ቃላት ፈለግኳቸው። «ይሄኛው ተኝቷል እንዴ?» ነው የሚለው።

ይሄ ሁሉ የራሳቸው ጉዳይ ነበር፤ ሰው በቤቱ እንደፈለገ ይሙት። ነገር ግን ትልቁን ጦርነት የሚገጥሙት እሑድ ከምሳ በኋላ ነው፤ አንተ በምትደውልበት ሰዓት።

እማዬ እሑድ እሑድ ምን እንደምታደርግ ልንገርህ። ጠዋት፣ እነሱ ሳይሰበሰቡ፣ እጀታውን አንስታ ታዳምጣለች። ድምፁ አለ። ስልኩ ጤነኛ ነው ብላ ትመልሰዋለች። ከምሳ በኋላ የሚጣፍ ልብስ ይዛ ከስልኩ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። «እዚህ ብርሃን ስላለ ነው» ትላለች፤ መስኮቱ ያለው በወዲያኛው ጥግ ነው። ከጀርባዋ ሦስት ጎልማሶች እየጮሁ ይሞታሉ። ስልኩ አይጮህም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ልብሱን አጥፋ ትነሳለች። በአምስተኛው እሑድ ይመስለኛል፣ «ሰው ሲርቅ ይረሳል፣ አዲስ ነገር አይደለም» አለች፤ ለማን እንዳለች እንጃ። አንድ ካልሲ አለ፣ ያንኑ ካልሲ ሦስት ጊዜ ፈትታ ስትጥፈው አይቻለሁ። ያንተ ነው፤ ትተኸው የሄድከው። አንተ እዚያ ሆነህ ዘጋችብኝ ትላለህ፣ እሷ እዚህ ሆና ረሳኝ ትላለች፤ መሃል ላይ አጎታችን ይሞታል።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ነገሩ ከመብራቶቹ እንደሆነ ጠረጠርኩ፤ ጦርነት ሲኖር ሁለቱም አረንጓዴ ሆነው ይበራሉ። ድፍረቴን ሰብስቤ፣ ሻይ ሳቀርብ፣ ሰው ቢደውልልን ይገባል ወይ ብዬ አጎታችንን ጠየቅኩት። አናጢው «እንዴ፣ ዛሬስ ግድግዳው ተናገረ» አለ። ሳቁ። አጎታችን ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «የሚደውል ካለ ይደውላል፤ አንቺ ስኳሩን ጨምሪ» አለኝ። መምህሩ ደግሞ፣ መንገዱ ሁለት ከሆነ ሁለቱንም መያዝ ነው እንጂ አንዱን ለዝንብ ማረፊያ መተው የሰነፍ ሒሳብ ነው ብለው አስረዱኝ። ስኳሩን ጨመርኩ። ለእማዬም አልነገርኳትም። ጠብ እንዳይነሳ ብዬ ነው ብልህ ውሸት ነው፤ እርግጠኛ ሳልሆን ተስፋ ሰጥቻት ቢከሽፍ ፊቷን ማየት ፈርቼ ነው። ለካ እነሱን እየናቅኩ የኖርኩት ከእነሱ ሳልሻል ነው። እነሱ ስለሚጮሁ ማንንም አይሰሙም፤ እኔ ስለማልናገር ማንም አይሰማኝም። ለስልኩ ሁለቱም ያው ነው።

በማግስቱ ከጠረጴዛው እግር ሥር ወረቀቱን ስቤ አወጣሁና በቦታው የተጣጠፈ ካርቶን ሸጎጥኩ። አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ መዝገበ ቃላትህን ገልጬ ልጨርሰው ምንም አልቀረኝም። ሰባተኛው ገጽ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ኢንተርኔቱ አንዱን መንገድ ብቻ ከያዘ ሌላው ለስልክ ክፍት ነው፤ እየተጫወቱም ይደወላል። ሁለቱንም ከያዘ ግን ከውጭ የሚደውለው ሰው ተይዟል ይባላል። አንድ ጄኔራልና አንድ መምህር ስንት ወር ሙሉ ክርናቸውን ያሳረፉት በዚህ መልስ ላይ ነበር።

ትናንት እሑድ ጠዋት፣ ቤቱ ባዶ ሳለ፣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ወረቀቱ እንዳለው ሄጄ ሁለት ትናንሽ ምልክቶች አገኘሁ፤ ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ። ሁለተኛዋን አጠፋኋት። የሰው ዕቃ ሳያስፈቅዱ መንካት አልወድም። ከምሳ በኋላ አናብስቱ ወፎቻቸውን አባርረው ተቀመጡ። ሳጥኗ ላይ አንዷ መብራት ብቻ በራች። ቀና ብሎ ያያት የለም።

ከዚያ ሮጬ ባለወፍጮው ጋ ሄድኩ፤ እሱ ስልክ አለው። ለማን ነው አለኝ፣ ለቤታችን አልኩት። ቤታችሁ እኮ ከዚህ ብትጣሪ ይሰማል ብሎ ሳቀ፤ ግን ሰጠኝ። ቁጥሩን ደውዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጠራ። ሁለተኛውን ሳይጠራ ተነሳ።

እማዬ ናት። «ልጄ፣ አንተ ነህ?» አለች። ከኋላዋ አናጢው «ቀኝ፣ በቀኝ በኩል» ይላል። አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ እንደ ልማዱ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እሷም ዝምታውን ያንተ አድርጋ ወሰደችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ቀን ያልኩህ የምላሴ ነው፣ የሆዴ አይደለም። ተቆጥተህም ቢሆን ደውል። ዝም ብለህም ቢሆን ደውል» አለች። እጀታውን መለስኩት። በዚያች ሰዓት እኔ ነኝ ማለት አልቻልኩም፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ እንዴት ብዬ ልበል።

ቤት ስገባ እማዬ ፊቷን ታጥባለች። የካልሲውን ክር በጥርሷ በጠሰችና ከጥንዱ ጋር አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ጦሩ ግን እንደ ወትሮው ተደምስሶ ነበር። አጎታችን ላቡን እየጠረገ «ዛሬ መስመሩ እንደ ፈረስ ነው የጋለበው፤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም» አለ። መምህሩ እጥፍ መንገድ ማለት ይሄ ነው ብለው መሰከሩ። አናጢው ወፎቹን ስላባረርኩ ነው አለ። ግማሹን ወስጄባቸዋለሁ፣ ወንድም ጋሼ፤ የመንገዱን ግማሽ። ልዩነቱን አላወቁም። አሥራ አንዱ እሑዳችን የሄደው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ያለሁበትን ተመልከት። እማዬ የደወልከው አንተ ነህ ብላ ታምናለች። ለአንተ የተባለውን ቃል እኔ ሰምቼብሃለሁ፤ ስለዚህ ሳልጨምር ሳልቀንስ እዚህ ወረቀት ላይ መልሼልሃለሁ። ይሄ ደብዳቤ እጅህ እስኪገባ ጥቂት እሑዶች ያልፉ ይሆናል። በየጠዋቱ ምልክቷን አያለሁ፤ ተመልሳ ካገኘኋት አጠፋታለሁ። አንተ ብቻ ደውል፤ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ጦርነቱ ሲጋጋል። እማዬ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ ብላ ከጠየቀችህ፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረብኝ በላት። ውሸት አይሆንብህም፤ ከልጆቿ በአንዷ ጉሮሮ ላይ ቀርቷል።

እማዬ እንደምጽፍልህ አታውቅም፤ የእሷ ሰላምታ መሳቢያው ውስጥ ያለው ካልሲ ነው። ባለወፍጮው ትናንት ስወጣ «ለወንድምሽ ሰላም በይልኝ» ብሎኛል፤ ነገሩ ሳይገባው አልቀረም። አጎታችንም ሰላም ሊልህ እንደሚወድ አውቃለሁ፤ አሁን ግን ስለሞተ አልጠየቅኩትም። ለሚያንኮራፋው ጓደኛህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ቢያንስ እሱ የሚጮኸው ተኝቶ ነው።

አክባሪህና ናፋቂህ፣ አናጢው ግድግዳ የሚላት እህትህ።

ከቤታችን፣ ከዕቃ ቤቱ ጆንያዎች ኋላ።
ሰኞ ከምሳ በፊት፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን።