መርፌው የማን እንደነበረ

ታዴዬ፣

ጤናህን በመጠየቅ እንዳልጀምር፣ አንተ ካለህበት መልስ አይመጣም። ከተለየኸን ወዲህ ክረምት ሁለቴ ገብቶ ወጥቷል። የሽሮ ሜዳውን ሱቅ ለወንድምህ ለሰለሞን ሰጥቼዋለሁ፤ እንደ ድሮው ነጠላና ጋቢ ይሸጣል። የግቢውን በር አረንጓዴ ቀባሁት። ልጃችን ቤዛ አፏን ፈታለች፤ በወሬ መውጫ መግቢያ አሳጥታናለች።

የምጽፍልህ ግን ስለቀናሁብህ ነው። በሞተ ሰው ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ። ቤዛ ቁርጥ አንተን ናት፤ ግንባሯ ያንተ፣ ስትቆጣ ከንፈሯን የምትነክሰው እንዳንተ። ታክሲ ተራ ላይ የሚያውቁህ ሁሉ አገጯን ይዘው የታዴ ልጅ ይሏታል። የተሸከምኳት እኔ፣ ያማጥኳት እኔ፣ አጠገቧ ስቆም ግን ሞግዚቷን እመስላለሁ። እናትህ በመጡ ቁጥር ልጄ ዘሩን ተክቶ ሄደ ይላሉ። ልጅ ስናጣ መካኗ እኔ ነበርኩ። ልጅ ሲገኝ ወላዱ አንተ ሆንክ።

ታስታውሳለህ፣ ያኔ እንጦጦ ጸበል የተወሰድኩት እኔ ነበርኩ። በዚያ ብርድ ስጠመቅ አንተ ጋቢ ይዘህ ትጠብቀኝ ነበር። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ተስዬበታለሁ። ግን ሐኪሙ ሁለታችንንም መርምሮ እኔ ጤነኛ መሆኔን ሲናገር፣ አንተ ጫማህን ነበር የምታየው። ጓደኛህ ጉልበት ይሆንሃል ብሎ ያስጀመረህ የወንድ ሆርሞን መርፌ፣ ሰውነትህ ዘር ማምረቱን እንዲያቆም አድርጎት ነበር። ብርታት ፍለጋ ሄደህ ዘርህን አደረቅከው። ሐኪሙ ያንን አስቁሞ፣ የተኛውን የሚቀሰቅስ ሌላ መርፌ አዘዘልህ።

ሰፈር ክሊኒክ ሰው እንዳያይህ ስለፈራህ መውጋቱን እኔ ተማርኩ። መድኃኒቱን ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው ጀርባ ደብቀን፣ መጋረጃ ዘግተን፣ የሆድህን ቆዳ ቆንጥጬ እወጋህ ነበር። ትራስ አይደለም የምትሰፊው፣ ቀስ በይ እያልክ ትቀልድብኝ ነበር። ሕክምናው ወራት ከፈጀ በኋላ ሳረግዝ እናትህ ስለቴ ሰመረ አሉ። አንተ ግን ለማንም እንዳልተነፍስ አስማልከኝ።

ሰለሞንና ሚስቱ ሕይወት ከተጋቡ ቆዩ፣ ልጅ የላቸውም። ባለፈው ጥምቀት ማግስት እናትህ ሁላችንንም ሰብስበው ሕይወትን ጸበል ሊወስዷት ተነሱ፤ ምሳሌያቸው እኔ ነበርኩ።

"እሷን አታዪም? አገሩ ሁሉ መካን ናት ሲላት እመቤቴ ሰማቻት" አሏት።

ሕይወት አንገቷን ደፋች። ሰለሞን ደግሞ ጂም እየሄደ ደረቱን አሳብጧል። ከዚያ ቀደም ምን እየወሰድክ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ለጉልበት የሚሆን መርፌ ነው ብሎኝ ነበር። ያው ያንተ የመጀመሪያው መርፌ። ዝም ብል እሱ እየደረቀ እሷ እየተሰደበች ሊኖሩ ነው።

"እማማ፣ ሲታከም የነበረው ታዴ ነው። መርፌውን የወጋሁትም እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ወጡ። ለረጅም ጊዜ ደጄን አልረገጡም።

ሰለሞን ግን የጉልበቱ መርፌ አንተን ምን እንዳደረገህ ስነግረው፣ ትቶት ሐኪም ዘንድ ሄደ። አሁን ደግሞ በሚስቱ በሕይወት ቀናሁ። ክንዷን ይዞ ነው ወደ ሕክምናው የሚሄደው። ደንበኛ ፊት ሱቁን እየቆለፈ፣ ከሰዓት የለሁም፣ መድኃኒት አለብኝ ይላል። የምን መድኃኒት ሲሉት የልጅ ነው ብሎ ይስቃል። እሷ አጠገቡ ቀና ብላ ቆማ ትሰማለች። ልጁ ይምጣ አይምጣ ገና አናውቅም። እንዲህ ያለ አንድ ቀን ግን አንተ አልሰጠኸኝም።

እናትህ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ቆይተው ቆይተው እጄን ሳቡና አገላብጠው አዩት።

"መርፌው ያመው ነበር እንዴ?" አሉኝ።

በዚያችም ሰዓት የተጠየቀው ያንተ ሕመም ነበር። አንዳንዴ፣ ግን ይችለው ነበር አልኳቸው። ከዚያ እጄን ሳይለቁ አለቀሱ፤ ለአንተ ይሁን ለእኔ አልጠየቅኩም።

መሐላህን አፍርሻለሁ፤ ለዚህ ይቅርታ አልልህም። ቤዛ ስታድግ፣ አባቷ እሷን ለማግኘት ሆዱን ለመርፌ የሰጠ፣ ያንንም ለመናገር ያፈረ ሰው እንደነበር እነግራታለሁ። ሁለቱም አንተ ነህ፤ አንዱንም አልረሳልህም። ከእንግዲህ ግን አንተን የሚያነሳ ሁሉ አብሮ እኔንም ያነሳል።

ሚስትህ ሰብለ