በአደባባይ ተናግረው በስውር ስለ ተወሰዱት አባቴ

ይድረስ፦ በአምበርና በደጀን መካከል ያለውን አገራችንን በኢጣልያ መንግሥት ስም ለሚያስተዳድሩት ለክቡር ካፒቴን፤

እንደምን ሰንብተዋል? የደጋው ብርድ ለአጥንትዎ፣ ምግቡ ለሆድዎ፣ የሕዝቡም ዝምታ ለእንቅልፍዎ እንዲስማማዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አባቴ ደኅና ይሁኑ አይሁኑ ግን ልነግርዎ አልችልም፤ ይህን የሚያውቁ እርስዎ ብቻ ነዎትና።

ነገራችን የተበላሸው፣ አባቴ ቄሰ ገበዝ ኃይለ ሚካኤል ከዋርካው ሥር ከተቀመጠው ሕዝብ መካከል ብድግ ብለው «ሽቦውን ማን እንደ በጠሰው እኔ አይቻለሁ» ባሉ ጊዜ ነው። እርስዎ በተጣጣፊው ወንበርዎ ላይ እግርዎን አነባብረው ፈገግ ብለው ነበር። አስተርጓሚዎ አቶ ውበቱ ወደ ጆሮዎ ጎንበስ ብሎ የቀረውን ሲነግርዎ ግን ፈገግታዎ ጠፋ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከድንጋዩ ካብ ኋላ ቆሜ ነበርሁ፤ ስለዚህ የምጽፍልዎ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው።

ለአገሩ እንግዳ ስለ ሆኑ ጥቂት እንዳስታውስዎ ይፍቀዱልኝ። የስልኩ ሽቦ ተበጥሶ በተገኘ ጊዜ፣ በገበያ ነጋሪት አስጎስመው የደብሩ ሕዝብ ለአውጫጭኝ እንዲወጣ ያዘዙት እርስዎ ነዎት። አውጫጭኝ በአባቶቻችን ሕግ፣ ጥፋት ተሠርቶ ሠሪው ሲሰወር፣ የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን በእግዚአብሔር ፊት የሚያወጣበት ሸንጎ ነው። የሚነገረው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ተናጋሪው ስለ ተናገረ አይነካም፤ ሸንጎው ሳይፈታም ማንም ከተቀመጠበት አይነሣም። አዋጁን በሰማን ቀን እንዴት እንደ ተደሰትን ቢያዩ ኖሮ ይስቁብን ነበር። ጎረቤታችን አያ እንዳላማው «በሉ እንግዲህ፣ ጣሊያንም በሕግ አምላክ ሲሉት የሚቆም ሆነ» ቢሉ፣ እትዬ ሽታዬ «አያ፣ እስቲ መጀመሪያ ካሚዮኑ ይቁምና ዶሮዎቻችን ይትረፉ» ብለው አሳቁን። እየሳቅን ወጣን። ሕጋችንን ያከበሩልን መስሎን ነበር፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚሳሳት ከእኛ ሌላ ሕዝብ ይኖራል ብዬ አላምንም።

አባቴን «ሕዝቡን ገዝት» ብለው ያዘዙትም እርስዎ ነዎት። እሳቸውም መስቀላቸውን አንሥተው «ያየ የሰማ ይናገር፤ አይቶ የደበቀ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ይሁን» ብለው ገዘቱ። ሊናገር የተነሣ የለም፤ ያየ አልነበረምና። ያዩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ከፍትሐት ሲመለሱ፣ ድንኳንና ሣጥን የቆለለ የመንግሥትዎ ካሚዮን ሽቦውን በጭነቱ ጠልፎ ከነምሰሶው ሲጥለው፣ ሹፌሩም ወርዶ የተበጠሰውን ጠቅልሎ ጭነቱ ላይ ወርውሮ ሲሄድ አይተዋል። እስከዚያ ቀን ዝም ያሉት የጠየቃቸው ስላልነበረ ነው። አሁን ግን ሌላውን በቃላቸው አስረው ራሳቸውን ሊፈቱ አልቻሉምና ተናገሩ።

ሁለት ወታደሮች ክንድና ክንዳቸውን ይዘው ኮረብታው ላይ ወዳለው ቆርቆሮ ቤትዎ ወሰዷቸው። እኛስ ምን አደረግን? ሸንጎው አልተፈታም ብለን ቁጭ ብለን ጠበቅናቸው። ይህ ዛሬም ፊቴን ያቃጥለዋል። እርስዎ ወንበርዎን አሳጥፈው ሄዱ፤ ያ ሁሉ ወንድ፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ ሕግ እንዳይፈርስ ብሎ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከሣሩ ላይ አልተነሣም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ተደረገልኝ መልካም መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ በማግሥቱ ከቢሮዎ ደጅ ቆሜ አባቴ በምን እንደ ተከሰሱ፣ ማን እንደ ከሰሳቸው፣ ምን እንደ ተፈረደባቸው በትሕትና ጠየቅሁ። አቶ ውበቱ ብቅ ብሎ «የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ እቴ፤ ሂጂ ወደ ቤትሽ» አለኝ። መንግሥት ሕዝብ የማያውቀው የራሱ ጉዳይ እንዳለው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ፤ እኔ ያልሠለጠንሁት የመንግሥት ጉዳይ ሕዝቡ ይመስለኝ ነበር። በእኛ አገር ዳኛ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ መንገደኛ እንኳ ቆም ብሎ ይሰማል፣ ሲጠይቁትም የመሰለውን ይፈርዳል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው አብረው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ የተከሰሰ ሰው አይጠፋም፤ በሌላው ጫፍ ከሳሹ አለና። በአባቴ ነጠላ ጫፍ ማን እንደ ተቋጠረ እኔ አላየሁም። የእርስዎ ፍርድ ግድግዳ አለው፣ ጣራ አለው፣ መስኮቱም መዝጊያ አለው። ዝናብ ፈርቶ ነው እንዳልል ወሩ በጋ ነው።

፪ኛ፤ ጥያቄያችንን ሰምተው ነው መሰለኝ፣ ሰንበት ብሎ በቢሮው በር ላይ ማስታወቂያ አስለጠፉልን፤ በኢጣልያንኛ። በዚህ ደብር ዳዊት የሚደግም ሞልቷል፣ ቅኔ የሚቀኝም አይጠፋም፤ የእናንተን ጽሕፈት የሚያነብ ግን የለም። እኔ አውሮፕላኖቻችሁ ከመምጣታቸው በፊት አዲስ አበባ በሴቶች ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ስለ ተማርሁ፣ ቋንቋው ዘመዱ ነው ብዬ እየቆጠርሁ አነበብሁት። ገበያተኛው «ምን ይላል? ምን ይላል?» እያለ ከበበኝ። ሽቦውን የበጠሰው ሽፍታ መሆኑ በሕዝብ ፊት ተጣርቶ እንደ ተረጋገጠ፣ ጥፋተኛውም ተይዞ ጉዳዩ እንደ ተዘጋ ይላል። የሰው ስም የለበትም፤ የቦታ ስም የለበትም። «በሕዝብ ፊት» ከሚለው ላይ ስደርስ ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ይህን ጊዜ ዘበኛዎ መጥቶ፣ ወረቀቱ የተለጠፈው እንዲታይ ነው እንጂ እንዲነበብ አልታዘዘም አለ። አንዱ ከኋላ «ታዲያ ለዝንቦቹ ነው የለጠፋችሁት?» ቢለው ገበያው ሁሉ ሳቀ፤ ዘበኛውም ራሱ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ግን በሰደፍ ትከሻዬን መታኝ። ማንም እንዳያነበው በአደባባይ የሚለጠፍ ወረቀት ባወጣ መንግሥት ሥር መኖር ለሁሉ የሚደርስ ዕድል አይደለም።

፫ኛ፤ አባቴ ከተወሰዱ ጀምሮ ስንቅ በአገልግል ይዤ ወደ ኮረብታው እወጣ ነበር። ዘበኛው ይቀበለኛል፣ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ባዶውን መልሶ ያወጣል። «አሉ?» ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ይሰብቃል። እናቴ ወለተ ሐዋርያት አገልግሉን ከፍታ ታይና «በልተዋል፤ አሉ ማለት ነው» ትላለች። በዚያ ቃል ኖርን። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን አንድ ጥርጣሬ ገባኝና የምስር ወጥ ሠርቼ ቅቤ ጨመርሁበት። እትዬ ሽታዬ ሽታው ደርሷቸው እየሮጡ መጥተው «ምነው የቄስ ልጅ! ምን ነካሽ?» አሉኝ። አባቴ በሞት አፋፍ ታመው በነበረ ጊዜ እንኳ በጾም ወተት ቅመሱ ሲባሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ሰው ናቸው። ተርበውም ቢሆን ያንን ወጥ እንዳለ ይመልሱት ነበር። አገልግሉ በጣት ተጠርጎ ተመለሰልኝ።

እንግዲህ አባቴ በዚያ ቤት የሉም። ዘበኞችዎን ስቀልብ መክረሜን ለመንግሥትዎ እንዳደረግሁት ውለታ ይቁጠሩልኝ። ስለ አባቴ ከቢሮዎ የወጣው እውነተኛ ወሬ ይህ ብቻ ነው፤ እርሱንም ያገኘሁት ጾም አስገድፌ ነው። የንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኝ እየሰገድሁ ነው፤ የእርስዎን ቀኖና ማን እንደሚሰጥዎ አላውቅም።

አራተኛውን አልቆጥረውም፤ የእናቴ ነው። ሞተዋል ብላ ጥቁር ብትለብስ በሕይወት ያለ ባል ላይ ማሟረት ይሆንባታል፤ አሉ ብላ ነጭ ብትለብስ ያልተለቀሰለት ሙት በደጇ ይቆማል። ዘመድ ግማሹ ልቅሶ ተቀመጪ ይላታል፣ ግማሹ ስእለት ተሳይ ይላታል። እሷ ሁለቱንም ትታ ከደጃፍ ተቀምጣ መንገድ ታያለች።

ስለዚህ፣ ክቡር ካፒቴን፣ ለመጪው ገበያ ቀን ከዋርካው ሥር አውጫጭኝ ጠርቻለሁ። ሴት አውጫጭኝ ጠርታ አታውቅም ያሉኝ ሽማግሎች ነበሩ፤ መንግሥትም ቄስ ሰርቆ አያውቅም ነበር ብያቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የተከራከረኝ የለም። የሚጠየቀው ስለ ሽቦ አይደለም፤ ስለ ሰው ነው። ከኮረብታው የወረደ ካሚዮን ያየ ይናገራል፤ የሚጮኽ ድምፅ የሰማ ይናገራል፤ ዘበኛም ቢሆን፣ አስተርጓሚም ቢሆን፣ ክርስትና ተነሥቶ ከሆነ ግዝቱ ይይዘዋል። እርስዎም ተጠርተዋል። አባቴ የተናገሩትን፣ ጸሐፊዎ የጻፈውን፣ ዳኛዎ የፈረደውን ይዘው ይምጡና በአማርኛ ቃል በቃል ይነበብ። ሐሰት ከሆነም ሐሰቱን በአደባባይ እንስማው። አባቴ በሕይወት ካሉ ያሉበትን ይንገሩን፤ ከሌሉም መቃብራቸውን ያሳዩን።

ደጅዎን ጠንታ ደጅ የተዘጋባት፣ የተለጠፈ ወረቀት በማንበቧ የተመታች፣ ለክብርዎ የሚገባዎትን ያህል ክብር የምትሰጥ፣

የብርጓል ኃይለ ሚካኤል
መጋቢት ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ተጨማሪ ቃል፦ ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ከመድረሱ በፊት በየደብሩ ከቅዳሴ በኋላ ስለሚነበብ፣ መጨረሻ የሚሰሙት እርስዎ ይሆናሉ፤ መጨረሻ መስማት ምን እንደሚመስል እንዲያውቁት ብዬ ነው። አንዱ ቅጂ ደግሞ አባቴ ስላዩት ካሚዮን በሸንጎው ከተናገሩት ቃል ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ አለቆችዎ በእግር ሄዷል። ነገሩን ቀድመው ሊነግሯቸው ከፈለጉ ስልኩ ተጠግኗል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔን ማሰር ከፈለጉም ቤቴን ያውቁታል፤ ሲመጡ ግን በቀን ይምጡ፣ ሰው እያየ ይውሰዱኝ፣ ክሱንም ከደጄ ቆመው ያንብቡልኝ። የአባቴን በስውር መኖርም ሆነ በስውር መሞት ከእንግዲህ አልቀበልም።